ግንብን በፖስት ካርድ ማንበብ

ሴፕቴምበር 5 ቀን 1869፣ በደቡብ ባቫሪያ ከአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ በአንድ ገደል አናት ላይ የአዲስ ግንብ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሠሪው የባቫሪያ ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ ነበር፤ ግንቡም ዛሬ ኖይሽቫንሽታይን በሚል ስም የምናውቀው ነው። አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን፣ የኦስትሪያ-ሀንጋሪ ፖስታ ቤቶች በዓለም የመጀመሪያውን ፖስት ካርድ መሸጥ ጀመሩ። ሁለቱን ጉዳዮች ያገናኘ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባሉት መቶ ሃምሳ ዓመታት ግን ግንብና ፖስት ካርድ ተለያይተው አያውቁም። ዛሬ የኖይሽቫንሽታይንን ካርድ የሚያይ ሰው ስለ ግንቡ ዕድሜ ቢጠየቅ ስድስት ሰባት መቶ ዓመት ሊሰጠው ይችላል፤ እውነቱ ግን ግንቡ የፖስት ካርድ እኩያ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ከዚህ ይነሣል። ግንብ ጊዜ የማይነካው ነገር ነው የሚለው እምነት ልክ አይደለም። ግንቦች ይፈርሳሉ፣ ይጠገናሉ፣ መልካቸውን ይለውጣሉ፣ አንዳንዴም ከነበሩት ጋር የማይመሳሰል ሆነው እንደገና ይሠራሉ። ይህን ሁሉ ለተራ ሰው በሳንቲም እንደተሸጠው ካርድ ተከታትሎ የመዘገበ ሰነድ ብዙ የለም። ስለዚህ የቆየውን ካርድ ብቻ የሚያሳድድ ሰብሳቢ ታሪኩን ከመካከሉ ይቆርጠዋል፤ ትናንት የታተመውም ከመቶ ዓመቱ ጎን መቀመጥ አለበት።

ፖስት ካርድ የተወለደው ከቁጠባ እንጂ ከውበት ፍለጋ አይደለም። የፕሩሲያ ፖስታ ባለሥልጣን የነበረው ሃይንሪሽ ፎን ሽቴፋን በ1865 በካርልስሩኸ በተካሄደ ጉባኤ ላይ ኤንቨሎፕ የማያስፈልገው ክፍት የመልእክት ወረቀት እንዲፈቀድ ሐሳብ አቅርቦ ሰሚ አላገኘም። በ1869 መጀመሪያ ኤማኑኤል ኸርማን የተባለ የኦስትሪያ የኢኮኖሚክስ መምህር በቪየና ጋዜጣ ላይ ይህንኑ ሐሳብ አነሣው፤ ለጥቂት ቃል መልእክት ሙሉ ደብዳቤ መጻፍ፣ ማሸግና ሙሉ ዋጋ መክፈል ብክነት ነው ሲል ተከራከረ። በዚህ ጊዜ መንግሥት ሰማው። በሁለት ክሮይትዘር የሚሸጠው ካርድ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን ያህል ተቸበቸበ። ሥዕል አልነበረበትም፤ በአንዱ ፊት አድራሻ፣ በሌላው መልእክት ብቻ። የቤት ሠራተኛውም ፖስታ አመላላሹም የሰው ምስጢር ሊያነብ ነው ብለው የሠጉ ነበሩ፤ ሥጋታቸው ግን የካርዱን ርካሽነት ሊገታው አልቻለም። ብሪታንያ በ1870፣ አሜሪካ በ1873 የየራሳቸውን ካርድ አወጡ። በ1874 በበርን የተፈረመው ስምምነት 22 አገሮችን በአንድ የፖስታ ሥርዓት ካሰባሰበ በኋላ ካርዱ ያለ ብዙ ወጪ ድንበር መሻገር ቻለ።

ግንብን አትሞ ለመንገደኛ መሸጥ ግን ከፖስት ካርድ ይቀድማል። በሃይደልበርግ ከተማ በላይ ያለውን ቀይ ግንብ የፈረንሳይ ጦር በ1689 እና በ1693 አፍርሶታል፤ የተረፈውን ደግሞ በ1764 መብረቅ አቃጥሎታል። ከዚያ በኋላ የአካባቢው ሰው ድንጋዩን እየወሰደ ቤት ይሠራበት ነበር። በ1810 ወደ ከተማዋ የመጣው የፈረንሳይ ስደተኛ መኮንን ሻርል ደ ግራምቤር ፍርስራሹን እየሣለ፣ ሥዕሉን እያስቀረጸና እያሳተመ ለጎብኚ ሸጠ፤ የግንቡ ድንጋይ እንዳይወሰድም ዕድሜውን ሙሉ ተሟገተ። በእኔ ግምት የግንብ ካርድ ታሪክ ትክክለኛ መነሻው እዚህ ነው፤ ምክንያቱም የሃይደልበርግ ፍርስራሽ ከመጥፋት የዳነው ሥዕሉ ገዢ ስላገኘ ጭምር ነው። ከንጉሥ ይልቅ ጎብኚ ደገፈው ማለት ይቻላል።

ባለ ሥዕል ካርድ በጀርመን አገሮች በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ ሲስፋፋ ይህ ልማድ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። «ሰላምታ ከ…» የሚል ጽሑፍ በጌጠኛ ፊደል ከላይ ይጻፍና ከሥሩ የከተማው ግንብ፣ ቤተ ክርስቲያንና ሆቴል እንደ አበባ እቅፍ ተሰብስበው ይታተማሉ። የኅትመቱ ዘዴ ሊቶግራፊ ሲሆን እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ ድንጋይ ላይ ተዘጋጅቶ በየተራ ይታተማል። በዚያን ጊዜ ሕጉ የካርዱን ጀርባ ለአድራሻ ብቻ ስለሚፈቅድ ላኪው መልእክቱን በሥዕሉ ዙሪያ በቀረችው ነጭ ቦታ ላይ ያጣብባል፤ በብዙ ካርዶች ላይ የግንቡን ሰማይ አቋርጦ የሚያልፍ ጥድፊያ የተሞላበት የእጅ ጽሑፍ የምናየው ለዚህ ነው። ንጉሥ ሉድቪግ ጁን 13 ቀን 1886 ሲሞት ግንቡ ገና አላለቀም ነበር፤ በጠቅላላው የኖረበትም 172 ቀን ያህል ብቻ ነው። ከሰው ዓይን ለመሸሽ ያሠራው ቤት ከሞተ ሰባት ሳምንት በኋላ፣ ኦገስት 1 ቀን፣ ለከፋይ ጎብኚ ተከፈተ፤ ኖይሽቫንሽታይን የሚለው ስም ራሱ የወጣለት ከዚያ በኋላ ነው። የግንቡ አንዳንድ ክፍሎች በ1892 ከመጀመሪያው ንድፍ በቀለለ መልክ ተጠናቀቁ፤ በንድፉ ላይ የነበረው ባለ ጸሎት ቤቱ ትልቅ ማማ ጨርሶ አልተሠራም። ስለዚህ የቆዩ ሥዕሎቹን በቅደም ተከተል ያሰለፈ ሰው «ጥንታዊ» የተባለው ግንብ በዓይኑ ፊት ሲገነባ ያያል።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል፦ ካርድ ይዋሻል፣ እንዴት ለማስረጃ ይበቃል? ተቃውሞው ክብደት አለው። በዙሪክ የኦሬል ፉስሊ ማተሚያ ቤት ባልደረባ የነበረው ሀንስ ያኮብ ሽሚድ በ1880ዎቹ የፈለሰፈው ፎቶክሮም የተባለው ዘዴ ጥቁርና ነጭ ፎቶን ቢያንስ በስድስት የቀለም ድንጋዮች አሳልፎ ባለ ቀለም ያደርገዋል። የራይንን ሸለቆ ግንቦች፣ የባቫሪያን ተራሮችና የስኮትላንድን ሐይቆች በዚያ ለስላሳ ሰማያዊና ሮዝ ቀለም ያየናቸው በዚህ ዘዴ ነው። ቀለሙን የሚወስነው ግን ካሜራው አይደለም፤ ባለሙያው ነው፤ ባለሙያው ደግሞ ቦታውን ላያውቀው ይችላል። በቀን የተነሣ ፎቶ ሰማያዊ ተቀብቶ፣ ጨረቃ ተጨምሮለት፣ መስኮቶቹ ቢጫ ተደርገው «የሌሊት ገጽታ» ተብሎ ይሸጣል። ደመና ይታከላል፤ ጀልባ ይታከላል፤ የስልክ ሽቦ ይጠፋል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ውሸቱ የሚያታልለው አንድ ካርድ ብቻ የያዘውን ሰው ነው። የአንድን ግንብ አሥር ካርድ ከተለያዩ አሳታሚዎች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው የቱ እንደተጨመረና የቱ እንደነበረ መለየት ይችላል፤ ሐሰተኛው ጨረቃ ሁለት ካርድ ላይ ሁለት ቦታ ይወጣልና። ማጉያ መነጽር ቢያነሣ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጥለታል። የመስታወት ሰሌዳ ላይ በሚዘጋጀው ኮሎታይፕ የታተመ ካርድ መደብ የሌለው ደቃቅ ሽብሽብ ቅንጣት ያሳያል፤ የኋላው የኦፍሴት ኅትመት ደግሞ በረድፍ የተሰደሩ ነጥቦችን፤ በፎቶ ወረቀት ላይ በቀጥታ የታጠበ ካርድ ነጥብም ቅንጣትም ሳይኖረው ከጨለማ ወደ ብርሃን ያለ ስፌት ይሻገራል። በእንዲህ ያለው ካርድ ላይ የግንቡን ድንጋይ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል፤ ከግንቡ ሥር ልብስ ያሰጣችውን ሴትም ማየት ይቻላል። ደግሞስ ውሸቱ ራሱ ማስረጃ አይደለም? የ1900 ሰው ግንብን በጨረቃ ብርሃን፣ ሽቦ በሌለበት ሰማይ ሥር ማየት መፈለጉ ስለ 1900 ሰው የሚነግረን ነገር አለ። ዙሪያው በፋብሪካ ጭስ ሲሞላ ዓይኑን ወደ ግንብ ዘወር አድርጓል።

ከ1902 ወዲህ ብሪታንያ፣ ቀጥሎም ፈረንሳይና ጀርመን፣ በ1907 አሜሪካ የካርዱ ጀርባ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት፣ ግማሹ ለአድራሻ እንዲውል ፈቀዱ። ትንሽ የምትመስል ይህች ለውጥ የሥዕሉን ፊት ሙሉ በሙሉ ነፃ አወጣችው። ጀርባው ያልተከፈለ ካርድ ከተከፈለው እንደሚቀድም ስለምታሳይም ለሰብሳቢ የዕድሜ መለኪያ ሆነች። ከዚያ የጎርፍ ዘመን መጣ። እስከ ጁን 1908 በነበረው አንድ የበጀት ዓመት በአሜሪካ ፖስታ ብቻ ከ677 ሚሊዮን በላይ ካርድ ተልኳል፤ የአገሪቱ ሕዝብ ግን ያን ጊዜ 90 ሚሊዮን አይሞላም። አብዛኛው ጥሩ ኅትመት ከጀርመን ይመጣ ነበር። በእንግሊዝ ራፋኤል ታክ፣ በስኮትላንድ ቫለንታይን፣ በፈረንሳይ የኔርዴን ወንድማማቾችና ሌቪ ፎቶ አንሺዎቻቸውን በየግንቡ አሰማሩ። የሎዋር ሸለቆ ግንቦች እያንዳንዳቸው ከፊት፣ ከኋላ፣ ከደረጃው፣ ከምድጃው ቁጥር እየተሰጣቸው ታተሙ።

ሆኖም ጎርፉ ሁሉን ቦታ አላዳረሰም። የትኛው ግንብ ካርድ እንደሚኖረው የወሰነው የግንቡ ታላቅነት አልነበረም፤ የባቡር ሐዲዱ ነበር። ለዚህ ከጎንደር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አፄ ፋሲል በ17ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት፣ ከዚያም እነ አፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ፣ እነ አፄ ኢያሱ፣ እነ እቴጌ ምንትዋብ እየጨመሩ የገነቡባት ከተማ በግንብ ብዛትም ሆነ በታሪክ ከራይን ሸለቆ ከተሞች አታንስም። ኢትዮጵያ በ1894 የራሷን ቴምብር አውጥታለች፤ በ1908 የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ግን ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ እንጂ ወደ ጎንደር አልዞረም። የዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ካርዶች በብዛት የጅቡቲን፣ የድሬዳዋን፣ የሐረርንና የአዲስ አበባን ገጽታ የሚያሳዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ አንድ ሰብሳቢ «የዓለም ግንቦች» ብሎ ከ1914 በፊት የታተሙትን ብቻ ቢያከማች የሚያገኘው የዓለምን ግንቦች ሳይሆን የባቡር ጣቢያ አጠገብ ያሉትን ነው። የቆየውን ብቻ መሰብሰብ የማይበቃበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በዚያው የጎርፍ ዘመን ግንብን ለፖለቲካ መልሶ መሥራት ተጀመረ። በአልዛስ የሚገኘው ሆህኮኒግስቡርግ በ1633 በስዊድን ወታደሮች ከፈረሰ በኋላ ለ250 ዓመታት ያህል ጫካ ዋጠው። አልዛስ ከ1871 ጀምሮ በጀርመን እጅ ስለነበረች የሴሌስታ ከተማ በ1899 ፍርስራሹን ለቄሣር ዳግማዊ ቪልሄልም በስጦታ ሰጠች። ቄሣሩም ቦዶ ኤብሃርት የተባለውን አርኪቴክት ሾሞ ከ1900 እስከ 1908 አሠራው። የዚህ ግንብ ካርዶች እንደ መጽሐፍ ይነበባሉ። መጀመሪያ ዛፍ የበቀለበት ግድግዳ፤ ቀጥሎ የእንጨት መወጣጫና ማንሻ ማሽን፤ ከዚያ የሾለ ጣሪያና ረጅም ማማ የተከለ፣ ምንም ያልጎደለው ግንብ። ማማው እንዲህ ረጅም አልነበረም፣ ይህ የመካከለኛው ዘመን ሳይሆን የቄሣሩ ሕልም ነው ያሉ ባለሙያዎች በጊዜውም ነበሩ። ከ1919 በኋላ ደግሞ ሕንፃው ሳይነካ የካርዱ ጽሑፍ ተለወጠ፤ ጀርመንኛው ወጥቶ ፈረንሳይኛው ገባ፤ የቄሣሩ ግንብ የፈረንሳይ መንግሥት ንብረት ሆነ። አንድ ድንጋይ ሳይንቀሳቀስ ግንቡ አገር መለወጡን የሚያሳየው ከሥዕሉ ሥር ያለው አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የደረሰው ከዚህ የከፋ ነው። በሰሜን ፈረንሳይ የኩሲ ጌታ ሦስተኛው አንጌራን በ13ኛው መቶ ዘመን ያስገነባው ክብ ማማ ቁመቱ 54 ሜትር፣ ወርዱ 31 ሜትር ገደማ ነበር፤ በአውሮፓ ከእሱ የሚተካከል አልነበረም። በ19ኛው መቶ ዘመን ቫዮሌ ለ ዱክ የተባለው ዝነኛ አርኪቴክት ስንጥቁ እንዳይሰፋ አጠናክሮት ነበር። ከጦርነቱ በፊት በታተሙት ካርዶች ላይ ማማው ከበታቹ ያሉትን ቤቶች መጫወቻ አስመስሏቸው ይታያል፤ ፎቶ አንሺዎቹ ግዙፍነቱን ለማሳየት ሰው ከሥሩ ማቆም ይወዱ ነበር፤ ሰውየውም እንደ ጉንዳን ነው የሚታየው። በማርች 1917 ወደ ኋላ የሚያፈገፍገው የጀርመን ጦር 28 ቶን ፈንጂ ከሥሩ አጭቆ አፈነዳው። ሰባት መቶ ዓመት የቆመ ሕንፃ በቅጽበት የድንጋይ ክምር ሆነ። የፈረንሳይ አሳታሚዎች የፈረሱ ከተሞችንና ግንቦችን በካርድ አትመው ሲሸጡ ኩሲም አንዷ ነበረች። ፈረንሳዮች ፍርስራሹ የአረመኔነት መታሰቢያ ሆኖ እንዲቀር ወሰኑ፤ ማማው እስከ ዛሬ አልተሠራም። ከጦርነቱ በፊት አንድ ጎብኚ ለአክስቱ «ደህና ደርሰናል» ብሎ የላከው ካርድ አሁን ማማው እንዴት እንደነበር ለሚፈልግ ሁሉ ሰነድ ነው። ላኪው ይህን አላሰበም፤ አታሚውም አላሰበም። የተራ ካርድ ጥንካሬ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ለታሪክ ተብሎ ስላልተሠራ ታሪክን ለማስዋብ አልሞከረም።

ከጦርነቱ በኋላ የሚያንሰራሩም ነበሩ። በስኮትላንድ ሦስት የባሕር ክንዶች በሚገናኙበት ደሴት ላይ የነበረው ኢሊያን ዶናን በ1719 በእንግሊዝ የጦር መርከቦች ተደብድቦ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ ወድቆ ኖሯል። በ1911 ጆን ማክሬ ጊልስትራፕ ገዛውና ሥራው በ1932 ተጠናቀቀ። የዛሬውን ካርድ የሚያምር ያደረገው ባለ ቅስት ድልድይ ያኔ የተጨመረ ነው። የ1900ዎቹ መጀመሪያ ካርድ ላይ ድልድይ የለም፤ ውሃ የከበበው የጉቶ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው። በሶሪያ ደግሞ የመስቀል ጦረኞች ያነጹት ክራክ ዴ ሸቫሊዬ ውስጥ 500 ያህል ሰው የሚኖርበት መንደር ነበር። የፈረንሳይ መንግሥት በ1933 ገዝቶ ነዋሪዎቹን አስወጣቸው፤ ቤቶቻቸውም ተነሡ። ከዚያ በኋላ ባሉት ካርዶች ግንቡ «ንጹሕ» ነው። የግንብ ካርድ መሰብሰብ የጌቶችን ገናናነት ማምለክ ነው፣ ድኻው የታለ ለሚል ሰው መልሱ ከዚህ ይገኛል። ድኻው በቆየው ካርድ ላይ ነበር፤ ከግድግዳው ላይ የተለጠፈው ጎጆ፣ በሩ ላይ የቆመው ፍየል የእሱ ናቸው። ያስወጡት በኋላ ነው። ሁለቱን ካርድ ጎን ለጎን የያዘ ሰብሳቢ ለድኻው ይመሰክርለታል።

ጎንደር በካርድ በብዛት የታየችውም በዚሁ በ1930ዎቹ ነው፤ የመጣውም በወራሪ እጅ ነው። የፋሺስት ጣሊያን ጦር በኤፕሪል 1936 ከተማዋን ከያዘ በኋላ ጎንደር የአማራ ግዛት ያሉት ክፍል ዋና ከተማ ሆነች፤ ግንቦቹ ተጠገኑ፣ ግቢውም ለአስተዳደር ዋለ። የፋሲል ግንብ በጣሊያንኛ ጽሑፍ ታትሞ ወታደሮች ለቤተሰባቸው የሚልኩት ካርድ ሆነ። እንዲህ ያለውን ካርድ መያዝ የወራሪን ፕሮፓጋንዳ ማክበር አይደለም ወይ? የሚል ኢትዮጵያዊ ቅሬታው ተገቢ ነው፤ ካርዶቹ የተሠሩት ወረራውን ሥልጣኔ ለማስመሰል ነውና። ይሁን እንጂ መጣላቸው የሚጠቅመው ማንን ነው? ጣሊያኖች ሲጠግኑ የቱን ግድግዳ እንደነኩ፣ የቱን ጣሪያ እንደለወጡ ለማጣራት እነዚያ ካርዶች ከሚረዱን ሰነዶች ይቆጠራሉ። በ1941 ከተማዋ ነፃ እስክትወጣ በነበረው ውጊያ የእንግሊዝ ቦምብ አንዳንዶቹን ግንቦች ጎድቷል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ይዞታ የሚያሳየውም ያው ካርድ ነው። ሐሳባቸውን ንቀን ማስረጃቸውን መያዝ እንችላለን።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጃፓንም ከባድ ጥፋት ደረሰ። የናጎያ ግንብ ሜይ 14 ቀን 1945 በአየር ድብደባ ተቃጠለ፤ የሂሮሺማው ኦገስት 6 ቀን በአቶሚክ ቦምቡ ወደቀ። ሁለቱም ከእንጨት የተሠሩ ነበሩ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ሁለቱም በኮንክሪት ተመልሰው ተሠሩ። ከሩቅ በተነሣ ካርድ ላይ አሮጌውና አዲሱ ወንድማማች ይመስላሉ። እዚህ ላይ ለእውነት መታመን ያስፈልጋል፤ ናጎያን መልሶ ለመሥራት ያስቻለው ከጦርነቱ በፊት የተዘጋጀ የመለኪያ ንድፍና የመስታወት ፎቶ እንጂ ፖስት ካርድ አይደለም። ካርድ የአርኪቴክትን ንድፍ አይተካም። የሚያሳየው ሌላ ነገር ነው፦ ሕዝቡ ግንቡን እንዴት ይጠቀምበትና ይመለከተው እንደነበረ።

ይህን በርሊን በግልጽ ታሳያለች። በመሐል ከተማዋ የነበረው የፕሩሲያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት በጦርነቱ ተቃጥሎ ግድግዳው ቢተርፍም የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በ1950 በፈንጂ አፈረሰው። በ1976 በቦታው የመዳብ ቀለም ባለው መስታወት የተሸፈነው የሪፐብሊኩ ቤተ መንግሥት ተመረቀ፤ ፓርላማም የሕዝብ መዝናኛም ነበር። እሱም በአስቤስቶስ ምክንያት በ1990 ተዘጋ፣ በ2008 ፈርሶ አለቀ። ከ2013 ጀምሮ የድሮው ቤተ መንግሥት በሦስት ጎኑ የድሮ መልኩን ይዞ እንደገና ተሠርቶ በ2020 መጨረሻ ሥራ ጀመረ። የአንድ ቦታ ሦስት ካርድ፣ ሦስት መንግሥት። የ1900ውን ካርድ ብቻ የያዘና የ2020ውን ብቻ የያዘ ሰው ተገናኝተው ቢያወሩ ምንም ያልተፈጠረ ይመስላቸዋል። መካከለኛውን፣ ማንም ያልፈለገውን የ1970ዎቹን ባለ ቀለም ካርድ ያስቀመጠው ሰብሳቢ ነው ታሪኩን ሙሉ አድርጎ የያዘው።

ስለ አዲሱ ካርድ የሚነሣው ተቃውሞ ግን ጠንካራ ነው፦ አንጸባራቂ ነው፣ በሚሊዮን ይታተማል፣ ዋጋ የለውም፤ ደግሞም ሁሉ ሰው በስልኩ ፎቶ ያነሣል። ዋጋ የለውም የሚለውን በገበያ ከሆነ እቀበላለሁ። በታሪክ ከሆነ ግን አልቀበልም። በ1900ዎቹም ካርዱ በሚሊዮን ይታተም ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ጥቂቱ የተረፈው አንድ ሰው ስላልጣለው ብቻ ነው። በኦኪናዋ የሚገኘው የሹሪ ግንብ በ1945 ወድሞ በ1992 እንደገና ተከፍቶ ነበር። ለ27 ዓመታት የተሸጡት ቀያይ ካርዶቹ ተራ የመንገደኛ ማስታወሻ ነበሩ። ኦክቶበር 31 ቀን 2019 በሌሊት ዋናው አዳራሽ ተቃጠለ፤ በማግሥቱ እነዚያ ካርዶች የጠፋ ሕንፃ ሰነድ ሆኑ። የስልክ ፎቶን በተመለከተ፣ ስልኩ ሲቀየር የሚጠፋው ፎቶ ስንት እንደሆነ እያንዳንዱ አንባቢ ከራሱ ያውቀዋል። ካርድ ግን ጀርባ አለው፤ ጀርባው ቴምብርና የፖስታ ማኅተም አለው፤ ማኅተሙ ቀንና ቦታ ይናገራል። ደግሞም አዲሱ ካርድ የዘመኑን ሰው ምኞት ይይዛል። የኖይሽቫንሽታይን የዛሬ ካርዶች በብዛት ከማሪያ ድልድይ ከተነሣው ማዕዘን አይወጡም፤ በ1955 በካሊፎርኒያ የተከፈተው ዲዝኒላንድ የራሱን ግንብ በዚህ ግንብ አምሳል ከሠራ ወዲህ ጎብኚው ግንቡን በፊልምና በመዝናኛ ዓይን ማየት ለምዷል። ያ ግንብ በ2025 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል።

ካርድን ሕዝባዊ ሰነድ አድርጎ መያዝ የጥቂት ሰዎች ቅዠት አለመሆኑን ለማወቅ የአሜሪካን ተቋማት ማየት ይበቃል። ፎቶ አንሺው ዎከር ኤቫንስ ዕድሜውን ሙሉ የሰበሰባቸው ወደ 9,000 የሚጠጉ ካርዶች በኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ይገኛሉ። ከ1898 እስከ 1978 በቺካጎ የሠራው የከርት ታይክ ካርድ አሳታሚ መዝገብ በዚያው ከተማ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። እንግዲያው ሙዚየሞች ይዘውልናል፣ ብዙውም ወደ ዲጂታል ተቀይሯል፣ የግል ሰብሳቢ ምን ቀረው? ቀረው። ሙዚየም የሚይዘው የሚሰጠውንና የሚገዛውን ነው፤ ተራውን፣ የተደጋገመውን፣ የዚህን ዓመት ካርድ ከመደርደሪያ ላይ አንሥቶ በሳንቲም የሚገዛለት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የለውም። የኩሲና የበርሊን ነገር እንደሚያስረዳው ደግሞ አስፈላጊው ካርድ የትኛው እንደሚሆን አስቀድሞ ማንም አያውቅም። በ2005 በፖርቱጋል የተጀመረው ፖስትክሮሲንግ የተባለው የካርድ መለዋወጫ እስካሁን ከ70 ሚሊዮን በላይ ካርዶች በማይተዋወቁ ሰዎች መካከል እንዲጓዙ አድርጓል፤ ዘንድሮ የታተመውን የግንብ ካርድ ከአገር አገር እያሻገሩ ከሚያስቀምጡት ውስጥ እነዚህ ሰዎች ይገኙበታል።

ለእኛ ጉዳዩ ቅርብ ነው። የፋሲል ግቢ በ1979 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። የግድግዳው ቀለም፣ የግቢው መንገድ፣ የጣሪያው ሁኔታ ከአሥር ዓመት በፊት እንደነበረው አይደለም። እድሳቱ ተገቢ ነው አይደለም የሚለው ክርክር ለባለሙያ ይቆይ፤ ለመከራከር ግን የፊቱና የኋላው ማስረጃ መኖር አለበት። «የ13 ወር ፀጋ» በሚለው መፈክር ኢትዮጵያን ለዓለም ማስተዋወቅ ከተጀመረበት ከ1960ዎቹ ወዲህ የታተሙ የጎንደር ካርዶች በአዲስ አበባም፣ በጎንደርም፣ በዋሽንግተንም፣ በቴል አቪቭም በየቤቱ ሣጥንና በየመጽሐፉ ገጽ መካከል ተቀምጠዋል። እባካችሁ አትጣሏቸው። በማጣበቂያ አልበም ላይ አትለጥፏቸው፤ ጀርባው ከፊቱ እኩል ይጠቅማልና። ፒቪሲ በሚባለው ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አታቆዩአቸው፤ ከጊዜ በኋላ ኅትመቱን ያበላሸዋል። ማን፣ መቼ፣ ከየት እንደላከው የምታውቁ ከሆነ በጀርባው ጥግ በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት፤ በእስክሪብቶ አይሁን። ጎንደር ስትሄዱ ደግሞ የዚህን ዓመት ካርድ ግዙ፤ አንዱን ለወዳጅ ላኩ፣ ሁለተኛውን ከአሮጌው ጎን አስቀምጡ።